«ፓስድ አውት» ለማለት «ፓስድ አዌይ» ብዬ ጻፍኩ፤ እነዚህን የእንግሊዝኛ ግሶች እንዴት ነው የያዛችኋቸው?

የቡሬዋ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ሰው ማጠብም ማንሳትም አይከብደኝም። የሚያስጨንቀኝ ሺፍቴ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ላይ የምጽፋት አምስት መስመር ናት።

ባለፈው ማክሰኞ ቁርስ ላይ አንዲት የ88 ዓመት እናት ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ራሳቸውን ሳቱ። ነርሷን ጠራኋት፣ አስተኝተን እግራቸውን ከፍ አደረግንላቸው፣ ደቂቃ ሳይሞላ ዓይናቸውን ገለጡ። ነርሷ ግፊታቸውን ለካች፣ ለሐኪማቸው ደወለች፣ ሻል አላቸው። እኔም ከሥራ ልወጣ ስል ማስታወሻውን ከፍቼ «ሺ ፓስድ አዌይ አት ብሬክፋስት» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ አሁን ደህና እንደሆኑ ጨመርኩበት። የከሰዓቱ ኃላፊ ሲገባ ግን ስክሪኑ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። ለልጃቸው ሊደውል ስልኩን አንስቶ ነበር። እስቲ መጀመሪያ ልያቸው ብሎ ወደ ክፍላቸው ሲሮጥ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ሻይ ይጠጣሉ።

አልጮኸብኝም። አስጠርቶኝ ቃሏን በጣቱ አሳየኝና «ይሄ እኮ ሞተች ማለት ነው» አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ስልኩ ለዚያች ልጅ ደርሷት ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስካሁን እንቅልፍ የለኝም።

በኔ ሐሳብ «ፓስ» አለፈ ነው፣ «አዌይ» ራቅ ማለት ነው። ልባቸው ራቅ ብሎ ሄዶ የተመለሰ መስሎኝ ነው የጻፍኩት። «አውት» ውጭ ነው ብዬ ስለማውቅ ጭራሽ አላሰብኩትም፤ ሴትየዋ የትም አልወጡም። አሁን ከኢንተርኔት 200 ያህል እንዲህ ዓይነት ግሶች በፊደል ተራ ደብተር ላይ ገልብጬ እየሸመደድኩ ነው። «ፑት አፕ»፣ «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት ኦን»፣ «ፑት አውት» ሲደራረቡብኝ ግን በፊት የማውቀውም ጠፋብኝ። እናንተ እንዴት ተወጣችሁት? እባካችሁ ምከሩኝ።

የሌሊት ተረኛ

እህቴ አይዞሽ። ሚኒሶታ ውስጥ 11 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ያንቺን ዓይነት ስሕተት ያልሠራ ከአገር ቤት የመጣ ሰው አላጋጠመኝም። ሴትየዋን በጊዜ ያየሽላቸው አንቺ ነሽ፤ ይህን እንዳትረሺ።

መጀመሪያ ያንን ደብተር ዝጊው። በፊደል ተራ የተደረደረ ነገር ለመፈለጊያ እንጂ ለመያዣ አይሆንም። አራቱን የ«ፑት» ልጆች በአንድ ማታ ካጠናሻቸው እርስ በርስ ይበላላሉ። እኔ የተማርኩት ከሥራው ቀን ነው፦ ሰው ከሚነቃበት ጀምሬ እስኪተኛ ድረስ፣ በየሰዓቱ የሚጻፈውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር በመጻፍ።

«ሺ ዎክ አፕ አት 6» ካልሽ ነቃች ነው። «ሺ ጋት አፕ አት 7» ካልሽ ከአልጋ ተነሣች ነው። አገር ቤት ሁለቱንም «ተነሣች» እንላቸዋለን፤ እዚህ ግን ነርሷ የምትፈልገው ልዩነቱን ነው። 6 ሰዓት ነቅታ እስከ 9 ሰዓት መነሣት ያቃታት ሰው ካለች ያ ትልቅ ወሬ ነው። «ሺ ሳት ዳውን» ቁጭ አለች፤ «ሺ ሳት አፕ» ተኝታ የነበረችው ቀና ብላ ተቀመጠች። «ሺ ኤት ኸር ኦትሚል» በላች ብቻ ነው፣ ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅም። «ሺ ኤት አፕ ኸር ኦትሚል» ካልሽ ግን ሳህኑን ጥርግ አድርጋ በላች ማለት ነው። «ድሪንክ አፕ»ም እንደዚሁ ጭልጥ አድርጎ መጠጣት ነው። ይቺ «አፕ» ብዙ ጊዜ ወደ ላይ መውጣትን ትታ ጨርሶ ማድረግን ትነግርሻለች።

በጣም የምትጠነቀቂያቸው ደግሞ እነዚህ ናቸው። «ሺ ትሪው አፕ ኸር ፒልስ» ክኒኗን ውጣ አስመለሰችው። «ሺ ትሪው አዌይ ኸር ፒልስ» ክኒኗን ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። በአንደኛው ነርሷ መድኃኒቱ ሆድ ውስጥ ስንት ደቂቃ ቆየ ብላ ታስባለች፤ በሌላኛው መድኃኒቱ ጭራሽ አልተወሰደም። «ዘ ፔይን ሜዲሲን ዎር ኦፍ» የማስታገሻው ኃይል አለቀ፣ ሕመሙ ተመለሰ ማለት ነው። «ሺ ብሮክ አውት ኢን ኤ ራሽ» ሰውነቷ ላይ ሽፍታ ወጣባት። «ዊ ራን አውት ኦፍ ግላቭስ» ጓንት አለቀብን።

እኔን ያሳሳተኝን ልንገርሽ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው «ዘ ቤድ አላርም ዌንት ኦፍ ትዋይስ» ብላ ጽፋ ሄደች። «ኦፍ» ማብሪያ ማጥፊያው ላይ የተጻፈው ስለሆነ ጠፋ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌሊቱን የአልጋውን ደወል ባትሪ ስፈልግ፣ ስነቅል ስሰካ አደርኩ። ለካ ሁለት ጊዜ ጮኸ ማለቷ ነው፤ ሰውየው ብቻቸውን ከአልጋ ሊወርዱ ሁለት ጊዜ ሞክረዋል ማለቷ ነው። ማየት የነበረብኝ ሰውየውን ነበር። ደግነቱ ያን ሌሊት አልወደቁም። ደወል «ዌንት ኦፍ» ሲባል ጮኸ፣ መብራት «ዌንት ኦፍ» ሲባል ጠፋ፣ ወተት «ዌንት ኦፍ» ሲባል ተበላሸ ነው፤ የወተቱን እንግሊዞቹ ናቸው የሚሉት። ቃሉ አንድ ሆኖ ሦስት ነገር ነው፤ ከአጠገቡ ያለውን ስም ሳታዪ አትፍረጂ።

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ ደብረ ማርቆስ 31 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። የቡሬዋ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ስለሆንሽ እኔም ሐሳቤን ልስጥ።

ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ እንደሆነ አድርገን ስናስተምር ኖርን፤ እኔም እንደዚያው። በኋላ ላይ ነው የራሴን ቋንቋ ልብ ብዬ ያየሁት። እስቲ «መሰከረለት» እና «መሰከረበት» የሚሉትን አስቢ። ግሱ አንድ ነው። አንዲት «ለ» በ«በ» ስትለወጥ ሰውየው ነፃ መውጣቱ ቀርቶ ይታሰራል። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»ም እንደዚያው። አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ ቢኖር ግሱን ይዞ ትንሿን ፊደል ቢጥላት ምን ያህል እንደሚሳሳት ይታይሻል። «ፓስድ አውት» እና «ፓስድ አዌይ» እዚያው ላይ ናቸው። ፍቺውን የያዘው ትልቁ ቃል ብቻ ሳይሆን ትንሿም ናት።

ደግሞ «አለ» የሚለውን ግስ ተመልከቺ። «ዝም አለ» እንላለን፤ ዝም ያለ ሰው ግን ምንም አላለም። ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ጋደም አለ፣ ረጋ አለ ስንል «አለ» የሚለውን ለብቻው ነጥሎ የሚተረጉመው የለም፤ ሁለቱን ቃል እንደ አንድ ነው የምንሰማው። የእንግሊዝኛውንም እንደዚያ ስሚው። «ላይ ዳውን» ጋደም አለ፣ «ካልም ዳውን» ረጋ አለ፣ «ሸት አፕ» ዝም አለ፤ የመጨረሻዋን ግን በሰው ላይ አትጻፊያት፣ ስድብ ናት። እኛ «አለ»ን ወደ «አደረገ» ስንለውጥ በሌላ ሰው ላይ የተሠራ ሥራ ይሆናል። ቀና አለች፣ ቀና አደረግኋት። እነሱ ደግሞ ሰውየውን መሐል ያስገቡታል፦ «ሺ ሳት አፕ» ራሷ ቀና አለች፤ «አይ ሳት ኸር አፕ» እኔ ቀና አደረግኋት።

ላጽናናሽ ብዬ አይደለም ይህን የምነግርሽ፤ እውነት ስለሆነ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ግስን በትንሽ ቃል እያስከተሉ ፍቺውን መለወጥ ለባዕድ አገር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ነገር መሆኑን ጽፏል። እነዚህን ግሶች በጥንቃቄ መዝግቦ ለማሰባሰብ ብዙ የደከመ ሰው ነው። አንቺን የከበደሽ ነገር ከባድ መሆኑን የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ካመኑ ይኸው 270 ዓመት አልፎታል።

አስተርጓሚው

መምህር፣ የእርስዎን ማብራሪያ ወድጄዋለሁ፣ ስለ «መሰከረበት» ያሉት ለእኔም አዲስ ነው። ግን በአንድ ነገር ልለይ። እኅታችን የምትጽፈው መዝገብ ነው። መዝገብ ላይ ለምን ከእነዚህ ግሶች ጋር ትታገላለች? ራሷን ሳተች ለማለት «ፌይንትድ»፣ አስመለሰች ለማለት «ቮሚትድ»፣ ሞተች ለማለት «ዳይድ» አለላት። አንድ ቃል፣ አንድ ፍቺ። ጭራ ተቀጥላ የለው።

እንግሊዝኛ ሁለት ልብስ ያለው ቋንቋ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ በፈረንሳይኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርቱ በላቲን ሆነ፤ ሕዝቡ ቤቱ ውስጥ የራሱን ይናገር ነበር። ስለዚህ ዛሬም ለማራዘም «ፑት ኦፍ» አለ፣ «ፖስትፖን» አለ። እሳት ለማጥፋት «ፑት አውት» አለ፣ «ኤክስቲንጉዊሽ» አለ። ለመመርመር «ሉክ ኢንቱ» አለ፣ «ኢንቬስቲጌት» አለ። ለመታገሥ «ፑት አፕ ዊዝ» አለ፣ «ቶለሬት» አለ። የመጀመሪያው የቤት፣ ሁለተኛው የአደባባይ ነው። እኛም ስብሰባ በደብዳቤ «ተሰርዟል» እንላለን፣ ለጓደኛችን ስንደውል «ቀርቷል» እንላለን። እኔ ከሆነ ሐሳቤ፣ ወረቀት ላይ የአደባባዩን ልበሺ፤ ለንግግር ሌላውን ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ።

የሌሊት ተረኛ

ወንድሜ አስተርጓሚው፣ ስለ «ፌይንትድ» እና «ቮሚትድ» መቶ በመቶ ልክ ነህ፤ እኔም የምጽፈው እነሱን ነው። የቡሬዋ፣ ለሞትና ለራስ መሳት ከዛሬ ጀምሮ እነሱን ብቻ ጻፊ፣ ያ አይቀየርም።

ነገር ግን ሁሉንም በዚያ መንገድ ማምለጥ አይቻልም። «ዎክ አፕ»ን በምን ትተካዋለህ? «አሮዝ» ብትል የጸሎት መጽሐፍ ይመስላል፤ ማንም አይጽፈውም። «ጋት አፕ»፣ «ፑት ኦን»፣ «ቱክ ኦፍ» እንዲሁ። ካልሲ አወለቅሁላቸው ብሎ ለመጻፍ «ሪሙቭድ» ያስኬዳል፤ ጓደኞቿ ግን «ቱክ ኦፍ» ነው የሚጽፉት፣ የእነሱን ደግሞ ማንበብ አለባት። የታካሚዎቹ ልጆችስ? «ማም ሴድ ሺ ኢዝ ኮሚንግ ዳውን ዊዝ ሰምቲንግ» የሚል ቴክስት ሲመጣ እናታቸው ከላይ ወደ ታች እየወረዱ አይደለም፣ ሕመም እየጀመራቸው ነው። እነዚህን በግዕዝ ልብስ ሸፍነን አንዘልቃቸውም። የምትጽፈውን መምረጥ ትችላለች፤ የምታነበውን ግን ሌላ ሰው ነው የመረጠላት።

ከዱባይ

እኔ በሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ማዳም በጠዋት ስትወጣ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፋ ትሄዳለች። እንግዶች አምሽተው የሄዱ ዕለት በማግሥቱ «ፑት አዌይ ዘ ፉድ» ብላ ጻፈች። «አዌይ»ን የማውቀው «ትሮው አዌይ» ከሚለው ነው፤ አስወግጂው ያለችኝ መሰለኝ። ያ ሁሉ ሩዝ፣ ሙሉ ያልተነካ ዶሮ፣ በላስቲክ አድርጌ ጣልኩት። እያዘንኩ፤ ምግብ መጣል ልቤን ይከብደዋል። ለካ በየዕቃው አድርገሽ ወደ ቦታው መልሺው ማለት ነው። ማታ ተቆጣችኝ፣ ከደመወዜም ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ፣ ያልገባኝን ሳልጠይቅ እጄን አላነሳም። «ፒክ አፕ ዘ ኪድስ አት 3» ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጪ ነው እንጂ እቀፊያቸው አይደለም። «ክሊን አውት ዘ ፍሪጅ» ውስጡን ባዶ አድርገሽ፣ የከረመውን ጥለሽ አጽጂ ነው፤ «ክሊን ዘ ፍሪጅ» ግን ማጽዳት ብቻ። ይሄንን የሚያነቡ እኅቶች ካሉ በዚህ ይጠንቀቁ። ከማንም አልተማርኩትም፣ በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

የሌሊት ተረኛ

እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ። ፎቶ ማንሣቱ ትልቅ ዘዴ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ከነቦታው ይዞልሻል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሰላም፣ ሐዋሳ ነኝ፣ ለፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። መምህርን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ትክክል ነው፣ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ትክክል ነው ይባላል። «ተርን ኦፍ ኢት» ስጽፍ ግን ስሕተት ተባልኩ። «ሉክ አፍተር ኢት» ደግሞ ልክ ነው ተባለ። ለምንድን ነው አንዱ ተፈቅዶ ሌላው የሚከለከለው?

ጡረተኛው መምህር

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ፤ እኔም ተማሪ እያለሁ የጠየቅሁት ነው።

ሁለት ዓይነት ናቸው። የሚከፈቱ አሉ፣ የማይከፈቱ አሉ። «ተርን ኦፍ» የሚከፈት ነው፤ ስሙን መሐሉ ልታስገባው ወይም መጨረሻ ላይ ልታደርገው ትችላለህ። ስሙን በ«ኢት»፣ በ«ኸር»፣ በ«ዜም» ከተካኸው ግን ምርጫ የለህም፣ መሐል ይገባል፦ «ተርን ኢት ኦፍ»፣ «ፑት ዜም ኦን»። መንከባከብ የሚለው «ሉክ አፍተር» የማይከፈት ነው፤ ስምም ይሁን ተውላጠ ስም ከኋላ ነው የሚቆመው፦ «ሉክ አፍተር ኸር»።

የትኛው የቱ እንደሆነ ከፊቱ አይነበብም። ለዚህ ነው ለተማሪዎቼ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደብተራቸው ላይ «ተርን ኦፍ» ብለው እንዳይጽፉ የከለከልኳቸው። «ተርን ኢት ኦፍ» ብላችሁ ጻፉ አልኳቸው። «ሉክ አፍተር ኢት»፣ «ፊል ኢት አውት»፣ «ጌት ኦቨር ኢት»። «ኢት» ያለችበት ቦታ ሕጉን ይዛልህ ትቀመጣለች፤ ለብቻው መሸምደድ አያስፈልግህም። ቀላል ነገር ነው፣ እኔ ግን ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ብዙ ልጆችን ከስንት ልፋት ባዳንኩ ነበር።

ሌላ ደግሞ፣ «ፊል ኢን ዘ ብላንክ» የሚለውን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ታውቀዋለህ። አሜሪካ ያሉት ፎርም ሲሞሉ «ፊል አውት» ይላሉ። «ኢን» እና «አውት» ተቃራኒ ሆነው ሳለ ፎርም ላይ ሁለቱም መሙላት ናቸው። እዚህ ላይ ለምን ብለህ ጊዜህን አታጥፋ፣ ያዘውና ሂድ።

የቢሮ ሰው

አጭር ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ቢሮም ሆነ ሆስፒታል ውስጥ «ፎሎው አፕ አለኝ»፣ «ፎሎው አፕ አደርጋለሁ» እንላለን። አማርኛችን ውስጥ ገብቶ ስም ሆኗል። ችግሩ እንግሊዝኛ ኢሜይል ስንጽፍ ይህንኑ ይዘን «አይ ዊል ሜክ ፎሎው አፕ» እንላለን። እንግሊዝኛው ግሱን ራሱን ነው የሚፈልገው፦ «አይ ዊል ፎሎው አፕ»። ያለፈ ሲሆን የጊዜ ምልክቱ ግሱ ላይ ይወድቃል፣ «ፎሎውድ አፕ»። ሲጻፍም ግስ ሲሆን ሁለቱ ቃላት ተለያይተው፣ ስም ሲሆን በጭረት ተያይዘው ነው። «ቼክ አፕ»ም እንደዚያው። «ሎግ ኢን» ግስ ሲሆን ሁለት ቃል፣ ስም ሲሆን አንድ ቃል። ከእጄ የሚያልፉት ኢሜይሎች ላይ ከሁሉ በላይ የማርመው ይሄንን ነው።

የቡሬዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኳችሁ፣ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መምህር፣ «ዝም ያለ ሰው ግን ምንም አላለም» ያሉትን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት፣ እሷም ወደደችው።

ዝርዝሩን ትቼዋለሁ። በምትኩ ትንሽ ደብተር ኪሴ ውስጥ አለች፣ በቀን ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ እጽፍባታለሁ፣ ያን ዕለት የሆነውን ብቻ። የዛሬዎቹን ልጻፍላችሁና አርሙኝ።

«ሺ ዎክ አፕ አት 6፡30 ኤንድ ጋት አፕ አት 7።»

«አይ ሳት ኸር አፕ ኤንድ ፑት ኦን ኸር ሶክስ።»

«ዋይል ዘ ነርስ ወዝ አዌይ፣ አይ ሉክድ ኸር አፍተር።»

የሌሊት ተረኛ

ሁለቱ ምንም አይወጣላቸውም። «አይ ሳት ኸር አፕ» ስትይ እጅሽ ከጀርባቸው ሥር ሲገባ ታየኝ። ሦስተኛው ላይ ብቻ መምህር ለተማሪው የመለሰለትን አስታውሺ፤ የማይከፈተውን ከፍተሽዋል።

ጡረተኛው መምህር

ልክ ነው። «ሉክድ አፍተር ኸር»። «ነርሷ ሌላ ቦታ ሳለች» ለማለት የተጠቀምሽባት «አዌይ» ደግሞ በቦታዋ ነው የገባችው፤ ያን ዕለት የከዳችሽ ቃል ዛሬ በትክክል ሠርታልሻለች።

የቡሬዋ

አረምኩት፣ «ሉክድ አፍተር ኸር»። አራተኛም ነበረችኝ፣ ልክ መሆኗን ስላላወቅሁ ነው የተውኳት። ያቺ የ88 ዓመት እናት ከማክሰኞ ወዲህ ምግብ እምቢ ብለው ነበር። ዛሬ ቁርስ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ኦትሚሉን በማር አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ሰጠኋቸው። ሳህኑን ባዶ አደረጉት። ማስታወሻው ላይ «ሺ ኤት ኢት ኦል አፕ» ብዬ ጽፌያለሁ።

የሌሊት ተረኛ

ልክ ናት። «ኢት»ም በቦታዋ መሐል ገብታለች።